ልክ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ መጋላ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣
ሜትሬን ባንገቴ እንደ ዶቃ ሳስር፣
በቀኜ መቀሱ፣ ክሩ ከጥርሴ፣
ድሬ ተለክታ ቀረሁ እኔ ራሴ።

ሠርጓ ዓርብ ሆኖ ቀሚሷ እምቢ ያላትን
«ጨርቁ ነው የጠበበው» ብዬ፣ ስፌት ፈትቼ፣
ሁለት ጣት ለቅቄ፣
አስቄ የሸኘሁ እኔ፣

ፋርማሲው በር ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚውለው ልጅ
አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አወጣኝ።
«ማዘር፣ ሰማንያ ስድስት!»
ጮክ ብሎ። ባጃጅ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

ሲስተር ሂክመት በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችልኝ፦
ዱቄት ቀንሺ። ቅባት ቀንሺ። ጣፋጭ ተዪ።
እህቴ ከሳቢያን ደወለች፣
«አንቺ ደግሞ ልክሽን እወቂ።»
አወቅሁ።
አርባ ቀን የተቀቀለ ጎመን፣ አርባ ቀን ሙቅ ውኃ፣
በድሬ፣ በሰኔ፣ ሙቅ ውኃ!
ሰማንያ አራት። ሰማንያ ሁለት። «ጎበዝ፣ ማዘር!»
መርፌው ግን ጣቴን ወጋኝ፤
የሰው ሱሪ ኪስ በግልባጩ ሰፋሁ፤
ረምላን፣ ተማሪዬን፣ ባንዲት ቁልፍ አስለቀስኳት።
ቁጥሩ ወረደ፤
እኔም አብሬው ወረድኩ።

ጋሽ ሐምዛ መጣ፣ ሱሪ ሊያስጠብብ፣
ባቡር ጋራዥ አርጅቶ ግማሽ ጆሮውን እዚያው የተወ።
«ጌጁ ደህና ነኝ ይላል፣ ሞተሩ ያቃስታል።
ያኔ ጌጁን ትቼ ጆሮዬን ብረቱ ላይ እለጥፍ ነበር።»
ለረምላ ነው የነገራት፣ ስለ ሌላ ነገር።
ቀጥሎ በዋጋው ተጨቃጨቀ።

ማታ የልክ ደብተሬን ገለጥኩ።
ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፤ የደንበኛ ስም ከላይ እስከ ታች።
መጨረሻው ገጽ ላይ «ዙበይዳ» ብዬ ጻፍኩ።
ልኩን ባዶ ተውኩት።

ማክሰኞ። ፉል፣ ቃሪያው በዝቶ፣ ግማሽ ዳቦ።
እስከ ቀትር ያለ መነጽር ክር አሳለፍኩ።

ረቡዕ። የኢፍቱ ልጅ ልደት፤ ኬክ፣ ለስላሳ፣ ደግሞ ለስላሳ።
ሙቀቱ አንገቴ ላይ ተቀመጠ። ማንንም አልወደድኩም።

ሐሙስ። የግመል ወተት፣ ከሆዳን እጅ።
ለእሷ መድኃኒት ነው። የእኔ ሆድ፣ ዝናብ የመጣበት ደቻቱ።

ዓርብ። ለቅሶ ነበር። ስኳር የበዛበት ሻይ።
እሱ ባይኖር እወድቅ ነበር።

ቅዳሜ። ፓፓያ በሎሚ፣ ከረምላ ጋር፣ ቆመን።
ሳቅን። ፓፓያው ይሁን ይቅርታው፣ አላውቅም።

እሑድ። አክስቴ ከሐረር የላከችው ሁልበት መረቅ፣ ትኩስ።
ላብ በጀርባዬ ወረደ፤ ከላቡ ጋር የሆነ ነገር።

ዒድ። ፈጢራ፣ በማር፣ ሁለት።
ከበደኝ። ደስ አለኝ። የትኛው ዓምድ ይግባ?

ሲስተር ሂክመት ደብተሩን አገላብጣ ዝም አለች፤
ስኳሬን ልትለካ ጣቴን ጠየቀች፤ ሰጠኋት።
ቁጥር አልካድኩም፤ በቁጥር የምኖር ሴት ነኝ።
ግን ጨርቅ ለገላ እንጂ
ገላ ለጨርቅ አይቀደድም።

«ጤና ይስጥልኝ»፤ በቀን መቶ ጊዜ ካፌ ይወጣል፣
እንደ ክር ቁራጭ ወለል ላይ ይቀራል።
አሁን «ጤናሽ?» ሲሉኝ
አንዳንዴ መቀሱን አስቀምጣለሁ፦
«ቆይ፣ ልስማው።»
ደንበኛ ይስቃል።

ሰኞ ጠዋት በፋርማሲው በኩል አለፍኩ።
«ማዘር፣ ጠፋሽ! ስንት እንደደረስሽ አታዪም?»
ወጣሁለት።
ሊያነብልኝ ጎንበስ ሲል
ሆዱ ጮኸ፤ እንዳልሰማ ብሎ ሳለ።
ቁጥሩን ነገረኝ መሰለኝ።

ሰኞ። ፉል፣ አንድ ሳህን፣ ከቶፊቅ ጋር። ዳቦው እኩል።
እስከ ማታ አልራበኝም።