ሰርቪስ ቁጥር ሦስት

ከፒያሳ ሲነሣ ጎህ ገና ነው፤ ደሴ ጉሟን ተከናንባ፣
አሮጌው ሰርቪስ ያቃስታል፣ ለቁልቁለቱ ሆዱ እየባባ።
የመጀመሪያዬ ቀን ነበር፤ «እዚህ ነይ» ያለኝ አልነበረም፤
ወንበሩ ሁሉ ባለቤት አለው፣ ስሙ ግን አልተጻፈም።

ሂሳብ ክፍል ከሾፌሩ ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል ፈታዮች፣
መሐሉን የያዙት፣ እየጮኹ የሚያወሩ ሸማኔዎች
(ከማሽን ጋር ለኖረ ጆሮ ሹክሹክታ ምኑም አይደል)፣
እኛ አዲሶቹ ከጎማው በላይ፣ ጉልበታችን ከአገጫችን ሲጋደል።

ሞሚና ናት ፌስታሏን ያነሣችልኝ። ለደግነት አይደለም፤
እንቅልፍ ይጥላታል፣ ትከሻ ፈልጋ ነው፤ ሌላ ነገር የለም።
ሐረጎ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ሹራብ ሲያስወልቅ፣
ትነቃለች፤ የሹራቤ ጉንጉን ጉንጯ ላይ ታትሞ፣ ስትስቅ።

በዚያች ትከሻ ገባሁ እንጂ በመታወቂያ አይደለም።

ከእሷ ወደ ዕቁቡ፤ ከዕቁቡ ወደ ይመር፣ የመጋዘኑ ባለቁልፍ፤
ከይመር ወደ አረጋሽ፣ የሁሉ ወሬ በእጇ የሚያልፍ።
የዝውውር ወሬ ከቢሮ ወጥቶ፣ በክበቡ ወጥ ቤት አድርጎ፣
እኛ ዘንድ ይደርሳል፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ፣ ሰርቪሱ ሳያልፍ ሐረጎ።
ጠብም ነበር። አረጋሽና ሽኩሪያ፣ በአንዲት የበዓል ተራ ሰበብ፣
ስድስት ዓመት በኔ በኩል ተላላኩ፣ በአንድ ወንበር ስንጣበብ።

ሊቀመንበሩ በዓመት በዓል «ድርና ማግ ነን» ሲል አጨበጨብን፤
እጃችንን ወደ ሥራ ስንመልስ ግን ልዩነቱን አሰብን።
ማግ ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል፤ ቀይ መብራት ይበራል።
ሰው ሲበጠስ ማሽኑ ይሄዳል፤ ሜትሩን ይቆጥራል።

ደብዳቤው አጭር ነበር፣ ሞሚናን ወደ ሌሊት ፈረቃ ያፈለሰ፤
ሳምንት ያህል ፌስታል ወንበሯን ጠበቀ፣ ከዚያ አንድ ልጅ ወረሰ።
ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ያንቀላፋል፤ ትከሻ አይሻም፣ መስኮት ይበቃዋል።
የይመርን ቁልፍ የተረከበው ደግሞ ወሬውን በቴሌግራም ያደርሰዋል።
አሁን ወሬው ገና ከፒያሳ ሳንነሣ ያረጅብናል፤
ማን እንደነገረን ግን አናውቅም፤ ይህ ብቻ ቅር ይለናል።

ትናንት የዕቁቡ ዕጣ ወጣ፤ ብጣሿ ስትፈታ «ሞሚና» ትላለች።
እንዴ! የሌሊት ሠራተኛ፣ በየወሩ በማን እጅ ትከፍላለች?
ዳኛዋ አረጋሽ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ሽኩሪያ ወደ መስኮቱ ዞረች።
ቆይቶ ገባኝ፤ አንዷ የሸዋበር ጎረቤቷን ብር በሌላዋ ሎከር ቀዳዳ ትከታለች፣
ያቺ ቆጥራ ትጽፋለች። ቃል የለም። ዓመት ከመንፈቅ።
እኔ ነኝ ድልድዩ ብዬ ስኖር፣ እንዲያው ስመጻደቅ።

ዛሬ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሹራቤን አላወለቅሁም።
አዲሲቷ ልጅ፣ ከጎማው በላይ ያለችው፣ ስሟን ገና አላውቅም፣
ራሷ መስኮቱን ይመታል፣ ሰርቪሱ በታጠፈ ቁጥር።
ፌስታሌን አነሣሁ። ለደግነት አይደለም። መስታወቱ እንዳይሰበር።