ሁለቴ የተሰመረበት

ሻርጃ፣ ሮላ ጀርባ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
የሃያ ፎቅ ዘበኛ፣ ፊት ለፊቴ መስታወት።
ሊፍቱ ያለ ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል፤
ኤሲው ከጣሪያው ላይ እንደ ታማሚ ያቃስታል።
የመስከረም እንፋሎት ውጭ በሩ ላይ ተጋድሞ
መስታወቱን ያልበዋል፣ እንደ ሰው ደክሞ።

ከተማው ደረቅ ነው፣ መጠጥ አይሸጥም፤
ግን ለስድስት ድርሃም አጅማን አይርቅም።
ጥቁር ፌስታል አለ፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ፣
ሌላው ውስጥ ጋዜጣ፣
ጋዜጣው ውስጥ የእኔ ገላ።

ላከችልኝ መጽሐፍ፣ እህቴ ትርንጎ፣
በነጃት ሻንጣ ውስጥ ከሽሮ ጋር ታሽጎ።
ደብዳቤ የለውም፤ ምንም አልጻፈች፤
ስደውልም ስለ ሽሮው ብቻ አወራች።

ጸሐፊው የሒሳብ መምህር ነበረ፣
ሃያ ዓመት ጠጥቶ፣ ሰክሮ ያስተማረ።
ቾክ የያዘው እጁ ክብ መሥራት አቅቶት፣
እንቁላል ስሎ «ክብ» ይላል፣ ክፍሉ እየሳቀበት።

ሳቅሁኝ እኔም። ኋላ የዘበኛ መዝገብ ገልጬ
ፊርማዬን አነጻጸርኩ፣ መብራት ስር ተቀምጬ፤
የሐሙሱ ቀጥ ያለ፣ የቅዳሜው የወደቀ፣
የእሑዱ መንገድ እንደ ሳተ ጉንዳን ከመስመሩ የራቀ።
መጽሐፉን ከደንኩት። ደግሞ ገለጥኩት።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መስመሯን አየሁት፤
ሰማያዊ ቢክ ነው፣ የማን እጅ እንደሆነ ዐወቅሁት።
ልብስ ሰፊ ናት ትርንጎ፤ ያለ ማስመሪያ
ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች፣ እስከ ጨርቁ መጨረሻ።

ልሰደብ ጠበቅሁ። አስቀድሜ ተናደድሁ፤
«ይኸው፣ አንተም እንዲህ ነህ» የሚለውን ፈለግሁ።
ደመወዙን የጨረሰበት ገጽ፦ ንጹሕ፣ ያልተነካ።
ከሥራ የተባረረበት፦ አንዲት ነጥብ የለችም። ለካ
እሷ ያሰመረችው እሱን አይደለም፤
እሱ ያለበትን አንድ ዐረፍተ ነገር አልነካችም።
የሚስቱን ነው፤ ወጥ አሙቃ፣ ደግማ ያቀዘቀዘች፣
በጫማው ኮቴ ብቻ ስንት እንደ ጠጣ የለካች።

ስምንተኛው ላይ ግን፣ ከገጹ ግርጌ፣
(ደግሜ አነበብኩት፣ ብርሃን ያለበት ጥግ ፈልጌ)
አራት ቃል ነው ሁሉም፣ ሁለቴ የተሰመረበት፣
ብዕሩ ወረቀቱን ወግቶ በጀርባው ያለፈበት፦

«እህቴ በሩን ቆልፋ ተኛች።»

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ እንደ ጠጠር፤
እጄ እስኪላጥ ድረስ የደበደብኩት በር።
በማግሥቱ «ቁልፉ ዝጎ ነው» አለችኝ፤
ሻይ ቀዳችልኝ፣ ደረቅ ካልሲ አለበሰችኝ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አመንኋት፤ ሳላስብ
ቁልፍ አስጠግኛለሁ፣ ከዚህ በላክሁት ገንዘብ።
«ተሠራ ወይ?» ስላት «ተሠራ» ብላለች።

አሁን ጣቴን በመስመሩ ላይ ስሄድ፣ ዐወቅሁ፦
ሁለቱም መስመሮች «ቆልፋ» ላይ ያልቃሉ።
«ተኛች» ከሚለው ስር ወረቀቱ ነጭ ነው።
መቀሷን ያነሣች ያህል፣ እዚያ ላይ ቆማለች።

መምህሩ እንዴት እንደ ተወ ገና አልደረስኩበትም፤
ዕልባቴ የአጅማን ትኬት ነው፣ ሌላ ወረቀት የለኝም።
ነገ ደመወዝ ነው። ይህንንም ዐውቃለሁ፤
ለማንም ምንም አልማልኩም፤ መሐላዬን ዐውቃለሁ።

ሲነጋ ደወልኩኝ። የስፌት ማሽኗ ይሰማል፤
ስለ ሽሮው ጠየቀች፤ «አላለቀም፣ ይጣፍጣል።»
«ቁልፉስ?» አልኳት።
ማሽኑ ቆመ።
ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ፣ ረዘመ።
ሊፍቱ ተከፈተ፤ ሕፃን ልጅ ቦርሳ አዝሎ ወጣ፣
እጁን አወዛወዘልኝ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ።

«ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስክ?» አለች።

«ስምንት።»