ደነዝ መርፌ

የጥር ውርጭ የመሐል ሜዳን ሆስፒታል መስኮት ነክሶ፣
ከእንፋሎቱ ድስት ወጣ ካኑላው ላብ ለብሶ።
ስሙ መርፌ ነው፤ ግን አይወጋም፣
ጫፉ ደነዝ ነው፣ ደም አይሻም።
አንገቱን የደፋ፣ ከስንደዶ የቀጠነ፣
ሥራው ውሃ ማድረስ ብቻ የሆነ።

ዓይን ሲከፈት ውሃው ያመልጣል፤
ቶሎ ካልሞሉት
ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን ይረግባል።
ስለዚህ ሐኪሙ ሲከፍት፣ እኔ ስሪንጅ እሞላለሁ፤
አረፋው እንዲወጣ በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤
አንዲት ጠብታ ወደ አየር ለቅቄ አያለሁ፤
ከዚያ አንገቱን አጠብቃለሁ። ደግሜ አጠብቃለሁ።

«ጠብቋል?» ይለኛል ዶክተር መክብብ፣ ቀና ሳይል።
«ጠብቋል።»
አንድ ቃል ነው ሲጻፍ፤
አንዱ ለብረቱ፣ አንዱ ለዓይኑ ደጃፍ።

እነዋሪ ላይ፣ ሁለት ዓመት አለፈው፣
አልጠበቀም ነበር።
ውሃው ገፋው፤ ካኑላው ከስሪንጁ ተፈናጠረ፤
ደነዝ ያልኩት መርፌ ያን ቀን ወጋ።
የሴትዮዋን ስም አልናገርም።
«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ መማል
ያን ቀን ተውኩ።

ዛሬ የተጋደሙት አቶ ወንድይራድ ናቸው፣ ባና ሠሪ፤
ጥቁሩን ጠጉር ከነጩ
በሽታው መለየት ከጀመሩ ሦስት ክረምት ሆናቸው።
ሞራ ገላጭ ዘንድም ሄደው ነበር፤
የታረደውን በግ ሞራ ዘርግቶ ያነበበላቸው፣
የዓይናቸውን ሞራ ሳያይላቸው።

ውሃው በቀጭኑ ገባ፣ ከሽፋኑ ሥር ሰረገ፤
ሞራው እንደ ራሰ ባቄላ ከቆዳው ተላቀቀ።
እኔ የማየው ሞራውን አልነበረም።
የካኑላውን አንገት ነበር።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ፊቴን አላዩም፤
«ያ ውሃ ማጠጫችሁ የታል?» አሉ።
ታጥቦ የደረቀውን ሰጠኋቸው።
ወደ መስኮቱ አንሥተው አነጣጠሩ፣
«እንዴ! ቀዳዳ አለው!» ብለው ጮኹ፤
ከባናቸው ጫፍ ነጭ ጠጉር መዝዘው፣
በምላሳቸው አርሰው ሊያሾልኩ ሞከሩ።
እምቢ አለ። ሳቁ።
«ነጭ ነው አይደል፣ ይሄ ክር?»
«ነጭ ነው።»
«አላሸተትኩትም» አሉኝ።

ተቀብያቸው ወደ ድስቱ መለስኩት።
በረንዳው ላይ ሠላሳ ስድስት ሰው
ባና ተከናንቦ
ይጠብቃል።