ሣጥን አርባ አንድ

በፓዱካ ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ማሞቂያው እንደ አሮጌ ውሻ በሚያንኮራፋበት፣
ጥቁር ጨርቅ አንጥፌ፣ መብራቴን አዘቅዝቄ፣
የሞቱ ሰዎችን ወረቀት እገልጣለሁ ተጠንቅቄ።

ደሞዜ በገጽ ነው፤ ሥራዬ ማገላበጥ፣
መስታወት ሥር አድርጎ ብርሃን ማስዋጥ።
አለቃዬ «አታንብቢ» ይላል፣ «ቅጂ ብቻ አዘጋጂ፤
የሚያነብ ሌላ ሰው አለ፤ ቨርሊን፣ ጊዜ አትፍጂ።»
እኔ ግን አነባለሁ። ዓይን መች ይታዘዛል?
ጣቴ ገጽ ሲያዞር ዓይኔ ቃል ይመዛል።

ዛሬ ጠዋት ብቻ፦
«በሰባት ቀን ጸጉር ያበቅላል» የሚል የቅባት ማስታወቂያ፣
የአንድ ጥርስ ነቃይ የዕዳ መዝገብ፦
«ወይዘሮ ሂክስ ሁለት ዶሮ ከፍላለች፤ አንድ ጥርስ ይቀራታል።»
የሰርከስ ወረቀት፣ ዝሆኑን እስከ ወገቡ አይጥ የበላው፣
ከጀርባው በእርሳስ፦ «ሩቢን፣ ዛሬም ቀረህ፤ ትኬትህን ለማን ልስጠው?»

የጨረታ ዝርዝርም ነበር፣ ከወንዙ ዳር ካለ እርሻ፦
አንድ አልጋ፣ አንድ በቅሎ፣ ሦስት መጥበሻ፣
ሳሊ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ።
በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ በዚያው ባማረ ጽሕፈት።
መብራቱን አጠፋሁ።
ውጭ ወጥቼ ቆምኩ።

ምሁራኑ «ቀዳማይ ምንጭ» ይሉታል ይሄን ሁሉ ክምር።
ምንጭ እኔ የማውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ የሚጠጣውን ነበር፤
የኔ ምንጭ አቧራ ነው፣ ያስነጥሳል፤
አንዳንዴ ግን፣ ሳይታሰብ፣ ጉሮሮን ያርሳል።

ሣጥን አርባ አንድ፣ ዶሴ ዘጠኝ፦ አንድ ፎቶግራፍ፣
ወንዙ ሞልቶ በወጣ ዓመት የራሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
በመንሸራተቻ አዳራሽ ደጅ፣ ባለ ጎማ ጫማዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣
አንዲት ወጣት ጥቁር ሴት ቆማለች፣ ከንፈሯን እንደ እምቡጥ ጠቅልላ።
መዝገቡ ምን ይላል? «ያልታወቀች ሴት። ቀኑ ያልታወቀ።»
በአራት ቃል አንድ ሰው ተጠናቀቀ።
እኔም እንደ ሌላው ሁሉ ቁልፉን ተጭኜ
ወደ ዓለም ለቀቅኳት፣ ምሳዬን እየበላሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ በደረጃው ወረደ፣
ምርኩዙ እያንኳኳ፣ ትንፋሹ እየከበደ።
አምብሮስ ፔቲግሩ ይባላል፤ ዘጠና አንድ ሞልቶታል፤
የልጅ ልጁ ስልክ ላይ ምስሉን አይቶታል።

«ያልታወቀች» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤
«ለማን ነው ያልታወቀች? ሰፈሩ እሷን እየሰማ አልነበር ያደረ?
ኦዴሳ ናት፣ የአናጺው የክራውሊ ልጅ፤
ሰኞ ማታ ብቻ ነበር ለኛ የሚከፈተው ያ ደጅ።
ከንፈሯን አየሽ? ያኮረፈች እንዳይመስልሽ፤ ፉጨት ነው።
የጭነት ባቡሩ ሲጮኽ በዚያው ድምፅ ትመልሳለች፤
ነጂው ደገም ያደርግላታል፤ እሷም ደግማ ታፏጫለች።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ኮቷን ይዤላታለሁ።
ይቺ ከጠርዙ የቀረች፣ የተቆረጠች ክርን፣
አየሻት?
የኔ ናት።»

ዋናውን ፎቶ ሰጠሁት። አልነካውም።
እጁን ኪሱ ከትቶ ጎንበስ ብሎ አየ።
ከዚያ ሊያፏጭልኝ ሞከረ፤ ጥርስ የለውም፤
ነፋስ ብቻ ወጣ፣ ደረቅ፣ ትንሽ ምራቅ ያለበት።
ማሽኔ ለነፋስ ቦታ የለውም።

ማስታወሻ የሚባለው ሣጥን ጥቂት ፊደል ነው የሚቀበል፦
«ኦዴሳ ክራውሊ። ሰኞ ማታ። እያፏጨች» አልኩ፣
«ለባቡር» ብዬ ልጨምር ስል ሞላ።

ማታ አለቃዬ መጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦
«ፉጨት በፎቶ አይታይም፤ ማስረጃሽ የታለ?»
«አለ» አልኩት፣
«አንድ ክርን።»