ያረፈደችው ቅጂ

ስብሰባው ሲጀመር ሐይቁ በመስኮት ይታይ ነበር፣
አንድ አባ ኮዳ ከጣሪያው ጫፍ ቆሟል፣ ልክ እንደ ኦዲተር።
ሰሌዳው ላይ አንዲት ጥያቄ ጻፍኩ፦
«የስንት ሰዓት መዝገብ ቢጠፋ ይቻለናል?»
ሒሳብ ክፍሉ ፈጠን ብሎ «ምንም አይጠፋም!» ይላል።
«ምንም»ን በብር ተምኜ ወረቀቱን ሰጠሁት፣
ዜሮዎቹን ቆጠረና
«እንግዲያስ ጥቂት ይጥፋ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ስንቅነሽ ከማዋለጃ ናት። እስክሪብቶዋን ከደነችው፣
«ጥቂት ማለት ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው።
«ትናንት ባንዲት ሰዓት አራት ሕፃን ተቀብለናል፤
ከአራቱ የትኛው ነው አልተወለደም የሚባል?»

ሌሊቱን ዕቅድ ነደፍኩ። ተረቱ እንደሚለው፦
ሁለት ባላ ትከል፣
አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል።
እኔ ፈሪ ነኝ፣ ሦስት ተከልኩ።
አንዱን ምድር ቤት፣ ሐይቁ ሲሞላ ደፉን የሚነካበት፣
አንዱን ከታቦር ግርጌ፣ ውሃ የማይወጣበት፣
ሦስተኛውን አዳማ፣
ከኮረብታው ንፋስ መብራት የሚፈተልበት፣
መብራቱም እንደ ንፋስ መጥቶ የሚሄድበት።

ምድር ቤቱ ሲያስነጥስ ታቦርም ያስነጥሳል፤
እዚህ የገባ ስም ዓይን ሳይርገበገብ እዚያ ይደርሳል።
ጎርፍ ፈራሁ፣ እሳት ፈራሁ፣
የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሌባ፣ የአይጥ ጥርስ ፈራሁ፤
ሁሉንም በቁጥር በቁጥር ጻፍኩ።
የገዛ እጄን ረሳሁ።

ኅዳር ላይ ነው። ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣
የሙከራውን መዝገብ ልሰርዝ ብዬ
እውነተኛውን ሰረዝኩ።
አንዲት መስመር። አንዲት ቁልፍ።
የሰባት ዓመት ልደት ከምድር ቤቱ በረረ፤
ታቦር ታማኝ ነውና፣ ለምን ሳይል አብሮኝ አበረ።
ያ ትጉህ፣ ያ ፈጣን፣ ያ የማይዋሽ መስታወት
ስህተቴን ሳያዛባ ገለበጠው በቅጽበት።
ለካ ሁለቱም ባላ የቆሙት ባንድ ጉድጓድ ነው፤
ጉድጓዱም መዳፌ ነው።

አዳማ ደወልኩ። ጅሬኛ አነሳ፣ ገና «ሃሎ» ሳልለው
«ይቅርታ አለቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤
መብራት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው የሄደው፣
ጄኔሬተሩም ነዳጅ የለው፣
ከናንተ የተላከው ሁሉ እስካሁን ደጅ ላይ ነው፣
ይኸው ማብራሪያ እየጻፍኩ ነው።»
«ማብራሪያውን ተወው!
መብራቱ ቢመጣም ማሽኑን አታብራው፣
ገመዱን ንቀለው፣
እስክመጣ እንደ ዘብ ጠብቀው።»

ስመለስ ከአዳማ በሚኒባስ፣ ዲስኩ በፎጣ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ፤
ሞጆን አለፍን። መቂ ላይ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ገባች፣
አጠገቤ ተቀመጠች።
«ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍከው?»
«ልጆች» አልኳት።
«ስንት ናቸው?»
«አርባ አንድ ሺህ ከምናምን።»
ፊቴን አየችኝ፣ ፎጣውን አየች፣
ዘንቢሏን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ዘጠኙ ግን አዳማም አልነበሩም፤
መብራት ከሄደ በኋላ፣ እኔ ከመሳሳቴ በፊት
የተወለዱ፣ የማክሰኞ ልጆች።
ስንቅነሽ መሳቢያዋን ከፈተች።
ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር፣
ጠርዙ በአዮዲን የቀላ፤
ደንቡ ከከለከለ ሦስት ዓመቱ።
እየጠራች አስጻፈችኝ፦ ወንድ፣ ሦስት ኪሎ፤ ሴት፤ ሴት፤
መንታ፤ የመንታው ሁለተኛ፣ ስም ገና ያልወጣለት።

ዕቅዱን እንደገና ጻፍኩ። የአዳማዋ ቅጂ
ሆን ተብሎ በአንድ ቀን ትዘግይ፤
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እኛ የምንለቅመው የሰው ስም ነው።
ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ሒሳብ ክፍሉ ዋጋ ያጣበት፦
አራተኛ ሥፍራ፣ የስንቅነሽ መሳቢያ።
ቁልፉ፣ አንገቷ ላይ።