ምዕራፍ አንድ፣ በሽንኩርት

መጽሐፉ የልጄ ነው፤ ቀን ቀን እሱ ይዞት ይወጣል፣
ማታ ሦስት ሰዓት ሲል ተራው ወደ እኔ ይመጣል።
ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የፊቱ ስድስት ገጽ የለም፣
ከሰባት ነው የሚጀምር። እኔም ከዜሮ አልጀምርም፦
ስምንተኛን አልፌ ነበር፣ ስሜ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፤
የዘጠነኛው መስከረም ነው ሳይጠራኝ የሄደው አልፎ።

ከዚያ ወዲህ ስንት መስከረም?
ቃለአብ ቆጠረልኝ፦ «ሃያ አንድ» አለ፣ «ከእኔ ዕድሜ በአምስት ይበልጣል።»
ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ቁጥሩ ግን ጣራው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በርቀት ነው የተመዘገብሁት። ፈተናው ሰኔ ላይ።
ሳሙና በር፣ አንዲት ክፍል፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል።

የመጀመሪያዋ ማታ አንድ ገጽ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤
ቃሉ ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላቴም ያረጀ፣
ከ«ኤስ» ወዲያ ያለውን አይጥ ገርድፋ ጨርሳዋለች፤
እኔ ያልደረስሁበትን እሷ ቀድማኝ አንብባለች።
«ቲሹ» የሚል ሳይ ደስ አለኝ፤ ሶፍት መስሎኝ፣ የማውቀውን፣
አጥፌ በየጠረጴዛው ብርጭቆ ላይ የምሰካውን።
«አይደለም» አለ ቃለአብ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ፣
«ሌላ ነው እማ፣ ሌላ ነው፤ ከብዙ ህዋስ ተሸምኖ።»
ህዋስ፣ ሳይቶፕላዝም፣ ኒውክለስ... በፊደላችን ጻፍኋቸው፣
ከዱቄት ከረጢት ቀድጄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኋቸው።

ጋሽ መኳንንት ሰማ። ፒያሳ ወሬ አይውልም አያድርም።
«ደብሬ» አለኝ፣ «ባዮሎጂ ወጥ እኮ አያጣፍጥም።»
አልመለስሁለትም። አንድ ራስ ሽንኩርት በኪሴ ይዤ ወጣሁ፣
«ከደመወዝሽ ነው» ቢለኝም፣ እሺ ብዬ ባጃጅ ያዝሁ።

ገጽ አሥራ አንድ፦ ማይክሮስኮፕ አዘጋጁ።
ማይክሮስኮፕ! ለማን ነው የሚናገረው?
ቃለአብ ግን ሄዶ ከቴፕ ጠጋኙ ከይታየው፣
የተጣለ ዲቪዲ ለምኖ ዓይኑን በወረንጦ አወጣው።
ምስር የምታህል መስታወት። በስልኬ ካሜራ ላይ በፕላስተር።
ሲስተር የሺሐረግ አዮዲን ሰጠችኝ፣ ጠብታ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ፣
«ቁስል አለብሽ?» አለች። «ለሽንኩርት ነው» ስላት ዝም ብላ አየችኝ እስክመለስ።

ላጥሁት። ከውስጠኛው ጉርድ፣ በጥፍሬ፣
እንደ ትንፋሽ የሳሳ ልጣጭ።
ብርጭቆው ላይ ዘረጋሁት፤ ተጠቀለለብኝ።
ሁለተኛውን ቀደድሁት። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ፤
በጨለማው የቢላ ጭረቴን አዮዲኑ አግኝቶት ነደደ።

መብራቱ ሲመጣ አየሁ።

እንደኛ ግቢ ክፍሎች ናቸው፦ አንድ ግድግዳ ለሁለት፣
አንዱ ከሌላው ጀርባ፣ ተጠጋግተው፣ ክፍተት የሌለበት፤
በየክፍሉም አንዲት ነጥብ፣ ወደ ጥግ ጠጋ ያለች፣
ገና ያልተኛ ተከራይ የተዋት መብራት መሰለች።

«ኒውክለስ» አለ ልጄ። አልሰማሁትም። እየቆጠርሁ ነበር፦
አንድ ራስ ሽንኩርት ስንት ክፍል፣ አንድ ኩንታል ስንት ሀገር፣
ስንት ሰፈር አፍርሻለሁ በዚህ እጄ፣ በዚህ ቢላ?
«ለካ ለዚህ ነው የማለቅሰው» አልሁ።
«ጋዝ ነው እማ» አለኝ ኋላ፣ እንቅልፍ እየጣለው።

በማግሥቱ ቢላዋው አየር ላይ ቆመብኝ።
«ምነው?» አለ ጋሽ መኳንንት።
«ምንም።»
ከተፍሁት። ስምንት ሰው ምሳ ይጠብቃል።
ግን ቀስ ብዬ።

ዛሬ ማታ ገጽ አሥራ አምስት ደረስሁ። ነገ እሁድ ነው፤
ለሚቀጥለው ሥራ ከቀሃ ውኃ እቀዳለሁ፣
ባዶዋን ሃይላንድ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ።
የቀረኝ መልመጃው ብቻ ነው፦
ሕይወት ያለው ነገር የሚታወቅባቸውን ሰባት ምልክቶች ዘርዝሩ።

መንቀሳቀስ። መተንፈስ። መመገብ። ቆሻሻን ማስወገድ።
መራባት። ሲነኩት መሰማት።
ስድስት። በጣቴ ደግሜ ቆጠርሁ፤ ስድስት።
ሰባተኛው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ አልወርድ አለኝ።

ቃለአብን አልቀሰቅሰውም።
ተኝቷል፤ እግሩ ከአልጋው ጫፍ አልፎ ወጥቷል፣
ባለፈው መስከረም ልኩ ነበር።