አንድ መስመር

ሳስካቱን። ጥር ነው። ሠላሳ ከዜሮ በታች።
አውቶቡሴ ውጭ ቆማ እንደ ላም ትተነፍሳለች።
ከመልሱ ጉዞ በፊት አሥራ ሁለት ደቂቃ አለኝ፤
ማርሊን ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ማዶ ጠቀሰችኝ።
ቢጫ ካርድ፣ አጭር እርሳስ፣ ካርዱ ላይ አንድ መስመር፦
"አንድ መጽሐፍ፣ ከዕድሜሽ ሁሉ፤ ስሙን እንጂ ሌላ አትጨምሪ ነገር።"

አንድ!
ከልጆችሽ ምረጪ ብትል ይቀል ነበር፤ አንድ ነው ያለኝ፤
መጽሐፍ ግን... እርሳሱ ጣቴ ላይ ሆኖ ታዘበኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ወፍራሙ ነው፣ ባለ ወርቅ ጽሑፍ፣
ሳሎኔ ተቀምጦ ለእንግዳ ስለ ዕውቀቴ የሚለፈልፍ።
ከገጽ አርባ አላለፍኩም። ዕልባቱም እዚያው ደርቋል፤
ብጽፈው ማን ያውቅብኛል? እሱ ራሱ ያውቃል።

ሁለተኛው የሃያ ዓመቴ ነው፤ ትራሴን በዕንባ ያራሰ፤
አምና ደግሜ ባነበው ጀግናው አፍ ብቻ፣
ሴቲቱን በምክር የጨረሰ።
ማን አረጀ፣ እሱ ወይስ እኔ?
እንጃ። ብቻ አልመጣም ዕንባ ከዓይኔ።

ሦስተኛው የእንግዳወርቅ ነው። "ለሳምንት" ብዬ ወሰድኩት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሦስት አገር አዞርኩት።
የሰው ዕቃ መውደድ ይቻላል፤ ማወጅ ግን ነውር ነው፤
ደግሞም ካርዱን ቢያየውስ? ቶሮንቶ ነው ያለው።

እውነቱን ከሆነ፣ ካነበብኩት ሁሉ ያበዛሁት
የመንጃ ፈቃድ መማሪያውን ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጨረስኩት።
ሦስቴ ወድቄበታለሁ። በቃሌ እወጣዋለሁ ዛሬም፤
"በረዶ ላይ ፍሬን በድንገት አትያዝ" የሚለው
ለትዳርም ሠርቷል፣ ለሌላም።
ያበላኛል። ግን ያበላን ሁሉ ይወደዳል?
ማርሊን ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፤ ጊዜው ይሄዳል።

ሰባት ደቂቃ ቀረኝ።
ያኔ ያ ራቁቱን የሆነው ትዝ አለኝ፦
ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ ደራሲው ማን እንደሆን አይታወቅ፤
ደሴ፣ የተማሪ አልጋ ሥር፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲነጠቅ፣ ሲሰረቅ፣
በባትሪ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ስድስት ሆነን ያነበብነው፤
የመጨረሻውን አሥራ ስድስት ገጽ
ባለሱቋ ሽንብራ ጠቅልላ የሸጠችው።

አንድ ፖስተኛ ነበረ። በቅሎው ዳማ ናት። ክረምት ነው።
ወንዙ ሞልቷል። የያዘው ደብዳቤ የማን እንደሆነ ምስጢር ነው።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ከታች፦ "በቅሎዋም አንድ እግሯን አነሳችና"
እዚያ ላይ ያልቃል። ወንዙ አሁንም ይጮኻል፤
በቅሎዋም አልረገጠችም ገና።

ፀዳለ አሰጠመቻት። ሙሉሰው በጀልባ አሻገራት።
እኔ፣ ለልጄ ለይትባረክ፣ በየማታው ሌላ መንገድ አበጀሁላት፦
አንድ ሌሊት ድልድይ፣ አንድ ሌሊት በረዶ፣ እንደዚህኛው ወንዝ የረጋ፤
"እውነተኛውስ?" ይለኛል፤ "ነገ" እላለሁ፣ "ሲነጋ።"
አሁን ጺም አውጥቷል፣ ካልጋሪ ነው፤ ሲደውል፣ ከሰላምታው በኋላ፣
"ተሻገረች?" ይለኛል። "ትንሽ ቀራት" እላለሁ፤ "ደክሟታል፣ ሣር ትብላ።"

እና ምን ልጻፍ? ስም የለውም። መስመሩ አንድ ነው፣ ጠባብ።
ጻፍኩ፦ "በቅሎዋ እግሯን ያነሳችበት።"
ማርሊን ወሰደችው፣ አማርኛውን ሳታነብ፤
በሁለት ስፒል ሰቀለችው፣ ከሌሎቹ ካርዶች መሐል፤
እኔም ወጣሁ። ሰዓት ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪ ይጠብቃል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጣቴን ላሙቅ ብዬ ስገባ፣
በአማርኛ፣ በእርሳስ፣ የማላውቀው እጅ ከመስመሬ ሥር ገባ፦
"ትሻገራለች። ደብዳቤው ግን ይረጥባል።"
ስም የለው። ስልክ የለው።
ላጲስ ፈለግኩ፣ ከንዴቴ። ማርሊንን ጠየቅኳት፤
"ብዙ ሰው ይገባል" አለች፣ "ይወጣል።"

እሁድ ይትባረክ ደወለ። "ትንሽ ቀራት" አልኩት፣ እንደ ልማዴ፤
ስለ ደብዳቤው ልነግረው ነበር፤ እምቢ አለኝ ሆዴ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ በበረዶው መሐል ስነዳ፣
ዓይኔ ወደ መስታወቱ ይሰረቃል፣ እንደ ባለ ዕዳ፦
ያ ኮፍያውን የደፋው? ያቺ ቦርሳዋን ያቀፈችው?
ከኋላ ያሸለበው?
ከእነዚህ አንዱ ነው
አሥራ ስድስት ገጽ ይዞ ተሳፍሮ፣
"ደህና ዋዪ" ሳይል የሚወርደው።